መልእክት ካልመጣ ደህና ናቸው

ቤተሰቡ «ቆይ አንዴ» ነው የሚላት። ስም ጠፍቶላት አይደለም፤ ራሷ ናት ያመጣችው። ምሳ ቀርቧል ሲሏት «ቆይ አንዴ»፣ ስልክሽ እየጮኸ ነው ሲሏት «ቆይ አንዴ»፣ ቤቱ ተቃጠለ ቢሏትም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ቆይ አንዴ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ» ማለቷ አይቀርም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ ስልኩ ላይ ቁጥሯን የመዘገበው በዚሁ ስም ነው።

ሥራዋ ዌብሳይት መሥራት ነው። ቅጥር የላትም። ደንበኛ ይደውላል፣ ትሠራለች፣ ታስረክባለች፣ ሌላ ደንበኛ ይደውላል። መተዳደሪያዋ ይሄ ነው። ከመተዳደሪያዋ ጎን ግን አንዲት የራሷ የሆነች ትንሽ ሳይት አለቻት፤ ማንም ያላዘዛት፣ ማንም «መቼ ነው የምታደርሺው?» ብሎ የማያፋጥጣት። «ደህና ነኝ» ትባላለች። ይሄን ሁሉ የማወራችሁ በዚያች ሳይት የተነሳ ነው፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ወሬው ደስ የሚል ወሬ አይደለም።

«ደህና ነኝ» የምትሠራው እንዲህ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልካቸው ላይ መልእክት ይደርሳቸዋል። ሲከፍቱት አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፣ «ደህና ነኝ» የሚል። ይጫኑታል፣ አለቀ። እስከ አራት ሰዓት ካልተጫኑ ግን ሲስተሙ ራሱ ለልጃቸው ወይም ለዘመዳቸው «ዛሬ ጠዋት አልተጫኑም፤ እባክዎ ይደውሉላቸው» ብሎ ይልካል። ከቁልፉ ሥር ደግሞ ያሻቸውን ነገር የሚጽፉባት ትንሽ ቦታ አለች። የሳይቱ ፊት ለፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው «መልእክት ካልመጣ ደህና ናቸው» የሚል ነው። ቆይ አንዴ በዚህች አረፍተ ነገር ደረቷን ነፍታ ነበር የምትሄደው።

ሐሳቡ የመጣው ከአክስቷ ነው። አክስቷ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው የሰውን መስመር ከሰው መስመር ሲያገናኙ የኖሩ። የቆይ አንዴ እናት ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ ስላረፈች እሷንም ወንድሟንም ያሳደጓቸው አክስቷ ናቸው። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ደረጃው የጉልበታቸው ጠላት ነው፤ ስልክ ደግሞ ጨርሶ ጠልተዋል። ልጆቹ በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ?» እያሉ ሲደውሉላቸው አንድ ቀን ገነፈሉ።

«እናንተ ልጆች፣ በየቀኑ መሞቴን ለማጣራት ነው የምትደውሉት? ሠላሳ አንድ ዓመት ‹ሃሎ› ብያለሁ፣ ይበቃኛል። ጆሮዬን አሳርፉት!»

ቆይ አንዴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አኮረፈች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ በሁለት ሳምንት ውስጥ «ደህና ነኝ»ን ሠራች። ቁልፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫኑት እሳቸው ናቸው። ተጭነውም ዝም አላሉ፤ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ጥያቄ ጀመሩ።

«እና ካልተጫንኩ ለወንድምሽ ይነግረዋል?»

«አዎ እትዬ። የቤትዎ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ስለሆነ እሱን ነው ያስመዘገብኩት።»

«ካልነገረውስ?»

«ካልነገረው እርስዎ ተጭነዋል ማለት ነዋ! ዝም ካለ ሰላም ነው ማለት ነው።»

«እኛ ዘንድ እንደሱ አልነበረም» አሉ አክስቷ። «ፈረቃ ስንገባ መጀመሪያ የምናየው ዝም ያለውን መስመር ነበር። የሚንጫጫውማ ይሠራል፣ ምን ያሳስባል? ዝም ላለው ደውለን፣ ከወዲያ ሰው መልሶልን ነው ወንበር የምንይዘው። ያንቺ ነገር ዝም ሲል ማነው የሚደውልለት?»

«እኔ ነኛ! በየጠዋቱ አየዋለሁ።»

«እሺ» አሉ። «አንቺ ካልሽ እሺ።»

እውነትም ታየው ነበር። የተከራየችው ክፍል ከመስታወት ቆራጭ ሱቅ በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሥር የመስታወት መሰንጠቂያው ሲንጫረር ይሰማል። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ላፕቶፕ አለ። አዲሱ የደንበኛ ሥራ የሚሠራበት ነው። ማቆሚያ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ከጀርባው ግድግዳው ላይ አስራ አንድ ነጥብ ያለው ወረቀት ተለጥፏል። «መጀመሪያ በሙከራ ሰርቨር ላይ ሞክሪ» ብሎ ይጀምርና «ለሙከራ የነካሽውን ሁሉ ወደ ቦታው መልሺ» ብሎ ያበቃል። ከአስራ አንዱ አንዷን ሳትፈጽም ለደንበኛ ሥራ አታስረክብም፤ በዚህ አትታማም። አሮጌው ላፕቶፕ የራሷ ነው። ማጠፊያው ተሰብሮ በወፍራም መዝገበ ቃላት ተደግፏል፣ ከጀርባውም ወረቀት የሚባል ነገር የለም። የራሷን ሳይት ስትነካካ የሙከራ ሰርቨር ብሎ ነገር የለም፤ እዚያው ሰው እየተጠቀመበት ባለው ላይ ነው። «የራሴ አይደል እንዴ፣ ምን ይመጣል?» ትላለች።

አንድ ሕግ ግን ነበራት። ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የ«ደህና ነኝ» ሰዓት ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ተዘግቶ፣ ስልኳ በግንባሩ ተደፍቶ፣ አሮጌው ላይ የሁለት መቶ አስራ አራት ሰዎች ስም አንድ በአንድ አረንጓዴ ሲለብስ እያየች ሻይዋን ትጠጣለች። የጻፉላትንም ታነባለች። አብዛኛው ሰው አይጽፍም፤ አንድ ጡረተኛ አናጢ ግን አንድም ቀን ሳይጽፉ ቀርተው አያውቁም። «አለሁ። ጉልበቴ ግን ትናንት ወጥቶ አልተመለሰም፣ ካያችሁት ላኩልኝ።» «ደህና ነኝ። የታመመው ወንበሩ ነው፣ እሱንም እያከምኩት ነው።» «ዛሬም አልሞትኩም፤ ነገ ሞክሩ።» ይቺን የመጨረሻዋን ለወንድሟ ስታነብለት አውቶቡሱን ጥግ አስይዞ ነው የሳቀው።

አናጢውን ያስመዘገበቻቸው ሴት ልጃቸው ናት። የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ደውላ «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለቻት። «ድሮ በየጠዋቱ ክፍል ሳልገባ ነበር የምደውልለት፤ ካላነሳ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የማስተምረው። አሁን መልእክት ካልመጣ ደህና ነው ብዬ ጠመኔዬን ይዤ እገባለሁ። ተነፈስኩ እኮ!» ቆይ አንዴ ያን ቀን ምድር አልበቃትም። ለወንድሟ ነገረች፣ ለአክስቷ ነገረች፣ ለመስታወት ቆራጩም ሳይጠይቃት ነገረች።

ከዚያ ባለ አስቸኳይ መጣ። የንግድ ትርኢት አዘጋጅ ነው፤ ስሙን ተዉት፣ እህትና ወንድም በዚህ ነው የሚጠሩት፣ ምክንያቱም ሰላምታው ራሱ አስቸኳይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄን ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ልፋቷን ያያል፣ ቃሉን ያከብራል። ግን ሰውየው ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም። ነጋዴዎቹ በሳይት ተመዝግበው፣ በስልካቸው ላይ የሚደርሳቸውን ምልክት በር ላይ አሳይተው እንዲገቡ ይፈልጋል፤ ትርኢቱ የሚከፈተው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ በዚያችው በራሷ ሰዓት ላይ። ከተመዘገቡት ሰዎች የአንዷ ልጅ «መልእክታችሁ ሲደርሰኝ ልቤ ቀጥ ሊል ነበር፣ ትንሽ ለስለስ አድርጉት» ብላ ጽፋላት ነበርና፣ ቆይ አንዴ ቃሉን ልታለሳልሰው ተቀመጠች። ስትሞክረው ግን መልእክቱ ለእውነተኛ ዘመዶች ይሄዳል፤ የማንንም ልብ በከንቱ ማስደንገጥ አልፈለገችም። ስለዚህ አንዲት መስመር ኮድ ጻፈች። የማንም ይሁን የማን፣ «አልተጫኑም» የሚለው መልእክት ሁሉ ለዘመድ ሳይሆን ወደ ራሷ ስልክ እንዲመጣ። ለአስር ደቂቃ ብቻ።

ለጥንቃቄ እኮ ነው ያደረገችው! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ግድ የለሽ ብትሆን ኖሮ በሰው ላይ ትሞክረው ነበር፤ ሁለት ሦስት ሰው ይደነግጥ ነበር፣ ተሳድበው ዝም ይሉ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር።

ያን ቀን ስልኳን መድፋት ረስታለች። ጮኸ። ባለ አስቸኳይ ነው። «ምዝገባው ቆሟል! ሰው እየደወለ ሊገለኝ ነው፣ አንድም ሰው አያስገባም!» ቆይ አንዴ ወደ አሮጌው ላፕቶፕ ዞር ብላ እንደ ሰው «ቆይ አንዴ፣ እመለሳለሁ» አለችው። ክዳኑን ገርበብ አደረገችና አዲሱን ከፈተች። አስር ደቂቃው በዚያ ቀረ።

አራት ሰዓት ላይ ከባለ አስቸኳይና ከሸሪኮቹ ጋር በቪዲዮ እየተነጋገረች ሳለ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንዘረዘረ። «ዛሬ ጠዋት አልተጫኑም።» ደግሞ ተንዘረዘረ። ደግሞ። ባለ አስቸኳይ «ምንድነው እሱ?» አላት። «ምንም አይደለም፣ የሙከራ ነው» አለችና የዚያን ላኪ ድምፅ ልትዘጋ ነካችው። ስልኩ ምረጪ አለ፤ ለአንድ ሰዓት ነው፣ ለአንድ ቀን ነው፣ ወይስ ለሁልጊዜ? ጣቷ የቀረበውን ነካች። ለሁልጊዜ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ሁለት መቶ አስራ አራት ሰው በየጠዋቱ እንደ ልማዱ ይጫናል። የወደቀ፣ የታመመ፣ መነሳት ያቃተው ግን የሚጣራው ወደ አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ ያ ስልክ ደግሞ እንዳይሰማ ተደርጓል። ይሄን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው አልነበረም፤ እሷም ረስታዋለች።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ «ዛሬን ብቻ» ብላ አዲሱን ከፈተች። ሐሙስም ዛሬን ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው። አሮጌው ላፕቶፕ ክዳኑ ገርበብ እንዳለ ቀረ፤ ላዩ ላይ መጀመሪያ የነጋዴዎቹ ስም ዝርዝር ተቀመጠ፣ ቀጥሎ የትርኢቱ አዳራሽ ካርታ፣ ቀጥሎ ያላጠበችው ኩባያ። አንዳንዴ «ደህና ነኝ» ትዝ ይላታል። ትዝ ሲላትም ደስ ይላታል! በዚህ ሁሉ ቀን አንድም ሰው አልደወለ፣ አንድም ሰው አላማረረ። «እንደዚህ ጸጥ ብላ ሠርታ አታውቅም፣ ጎበዝ» ትላለች፣ ለሳይቷ። ስልኳ ላይ የመልእክቶቹ ምልክት ጥግ ያለው ቀይ ቁጥር ግን ዘጠኝ ነበር፣ አስራ ሰባት ሆነ፣ ሠላሳን አለፈ። ማስታወቂያ መስሏት ነው ያለፈችው። ስንቶቻችን ነን የምናየው?

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ወንድሟ ከፈረቃ ሲመለስ ብቅ አለ።

«አንቺ፣ ፊትሽ ግድግዳ መስሏል። የራስሽን ሥራ ጭራሽ ረሳሽው እንዴ?»

«ቆይ አንዴ፣ ቅዳሜ ይለፍ። ቅዳሜ ካለፈ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ለእሱ ነው የምሰጠው፣ ትሰማኛለህ?»

«እትዬስ እንዴት ናቸው? እኔ ሰሞኑን አልሄድኩም፣ ፈረቃዬ ተዘበራርቋል።»

«መልእክት ደርሶሃል?»

«ኧረ አልደረሰኝም።»

«በቃ! ደህና ናቸዋ!»

«ልክ ነሽ» አለ፤ ጫማውን ሳያወልቅ ወጥቶ ሄደ።

ቅዳሜ ትርኢቱ ተከፈተ። በር ላይ አንድም ሰው አልተጉላላም። ባለ አስቸኳይ በሕዝብ ፊት «የዚች ልጅ እጅ ይባረክ!» ብሎ አስጨበጨበላት። እሁድ እንደ ድንጋይ ስትተኛ ዋለች።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሻይዋን ይዛ ተቀመጠች። ኩባያውን፣ ካርታውን፣ ስም ዝርዝሩን ከአሮጌው ላፕቶፕ ላይ አነሳች። ልትከፍተው ስትል ባለ አስቸኳይ የትርኢቱን ሪፖርት እንደሚጠብቅ ትዝ አላትና አዲሱን ሳበች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ስትከፍተው አክስቷ ናቸው፤ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያለከልካሉ።

«እትዬ! እንዴት ሆነው ወጡ? ያን ሁሉ ደረጃ! ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«ሞቼ» አሉ አክስቷ። «ከሐሙስ ጀምሮ ሞቻለሁ። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ። ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ሆነ፣ ቀባሪ ባጣ በእግሬ መጣሁ።»

ቆይ አንዴ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የአክስቷን ፊት አየችና ተወችው። ደግፋ አስገብታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሐሙስ ጠዋት ልጫን ጣቴን አነሳሁ» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ከዚያ እስቲ መስመሩን ልፈትሽ አልኩ። የሥራ አመል ነው፤ አንቺን ለማስቸገር አልነበረም። ሳልጫን ተውኩት። ልብሴን ለብሼ በሩ ፊት ለፊት ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ። ወንድምሽ እየሮጠ ሲመጣ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤያለሁ። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ መሸ። ምናልባት አንድ ቀን ይስታል ብዬ አርብም ደገምኩት። ቅዳሜ ግን … ቅዳሜና እሁድ ለፍተሻ አልነበረም። ቅዳሜና እሁድ አኩርፌ ነው።»

ቆይ አንዴ ስልኳን አነሳች። ለወንድሟ ደወለች።

«ስለ እትዬ መልእክት ደርሶህ ነበር? ሐሙስ? አርብ?»

«አልደረሰኝም አልኩሽ እኮ። ምነው?»

ያኔ የዚያ የመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ መጣባት። መስመሯ፣ አስር ደቂቃው፣ የስልኩ መንዘርዘር፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ወንድሟ ላይ ስልኩን ዘግታ አሮጌውን ላፕቶፕ ከፈተችው፤ ያቺ መስመር እዚያው እንደጻፈቻት ቁጭ ብላለች። እጇ ቀደማት፤ መስመሯን አጥፍታ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰች። ሃያ ሰከንድ አልፈጀም። ከአሁን ወዲያ መልእክቱ ለባለቤቱ ይደርሳል።

«አስተካከልኩት» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አስተካከልኩት እትዬ።»

«ማሽኑን ነው ያስተካከልሽው» አሉ አክስቷ። «ሰዎቹስ?»

ስልኳን አነሳች። ድምፁን የዘጋችበት ላኪ ውስጥ አርባ ሦስት መልእክት አለ። አንድ በአንድ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ስሙን ካነበበች በኋላ ላፕቶፑ ላይ ታየዋለች። የመጀመሪያው ሰው በማግስቱ ተጭኗል፤ ረስቶ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛውም ከሰዓት በኋላ ተጭኗል። ሦስተኛውም። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ታወጣለች። አክስቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው ያዳምጣሉ፣ ድሮ በማዳመጫ ያዳምጡ እንደነበረው። ከዚያ የአክስቷ አራት መልእክቶች መጡ፤ እነሱን ስታነብ ድምጿ ተሰበረ። በመልእክቶቹ መሀል እየገባ የሚደጋገም አንድ ስም ግን ነበር። ረቡዕ። ሐሙስ። አርብ። ቅዳሜ። እሁድ።

«ይሄ ማነው?» አሉ አክስቷ ዓይናቸውን ገልጠው።

«አናጢው» አለች። «የሚቀልዱት።»

የጻፉትን ከፈተች። ያለፈው ሰኞ «ደህና ነኝ፣ መጋዜ ግን ሰነፍ ሆናለች» ይላል። በማግስቱ ማክሰኞ የጻፉት የመጨረሻው ነው። «ዛሬም ተጭኛለሁ፤ ከአልጋ ሳልነሳ ነው እንጂ። ነገ እነሳለሁ።» ቀልድ የለበትም። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ በዚያችው ደቂቃ ታነበው ነበር።

ስልካቸው ላይ ደወለች። ጠፍቷል። ደገመች። ጠፍቷል።

ወንድሟ ያን ቀን ፈረቃው ከሰዓት በኋላ ነበር። መልሳ ደውላ የአናጢውን አድራሻ ስትነግረው አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም፤ «እየሄድኩ ነው» አለና ዘጋው።

«አሁን ለልጅየዋ ደውይላት» አሉ አክስቷ።

«ቆይ አንዴ እትዬ፣ መጀመሪያ ወንድሜ ይየው። በባዶ ሜዳ ለምን አስደነግጣታለሁ? ልጃቸው ጋ ሄደውም ይሆናል። ሐኪም ቤት ገብተውም ይሆናል። ስልካቸው ተበላሽቶም ይሆናል እኮ!»

አክስቷ አዩዋት። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

ጠበቁ። ከሥር የመስታወት መሰንጠቂያው ይንጫረራል፣ ያቆማል፣ አንድ ነገር ኳ ብሎ ይሰበራል፣ ደግሞ ይጀምራል። ባለ አስቸኳይ ደወለ፤ አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ስሞቹ እየተከታተሉ አረንጓዴ ይለብሳሉ፤ የአናጢው ስም ነጭ እንደሆነ ነው። ዓይኗን ከዚያች ስም ላይ ማንሳት አቃታት። ለአራት ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀር ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ ነው።

«ከጎረቤቶቹ ጋር ሆነን በሩን ከፈትነው» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«እና?»

«አልጋቸው ላይ ናቸው። አርፈዋል እህቴ። ዛሬ አይደለም ያረፉት። ቀናት ሆኗቸዋል። ጎረቤቶቹም አላወቁም፤ ልጃቸው ስላልደወለችልን ደህና ናቸው ብለን ነው አሉ። ለልጅየዋ ደውይላት። ከኛ ትስማው።»

ቆይ አንዴ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እንባ አልመጣላትም። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ሳተችው። አክስቷ ወንበራቸውን አስጠግተው ክንዷን ያዙ።

«እኔ አጠገብሽ ነኝ» አሉ። «መስመሩን እንዳትለቂው። የፈለገውን ብትልሽ፣ ብትሰድብሽ፣ ብትጮህብሽ፣ እሷ ሳትዘጋ አንቺ እንዳትዘጊው።»

ስልኩ ጠራ። አስተማሪዋ ወዲያው አነሳችው፤ ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል፣ የዕረፍት ሰዓት መሆን አለበት።

«እንዴ! ባለ ሳይቷ! እንዴት ነሽ እህቴ? አንቺን ሳላመሰግን እየቆጨኝ እኮ ነው። ትናንት ለአባቴ ብደውል ስልኩ ጠፍቷል። ድሮ ቢሆን ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ? ልብሴን ሳልቀይር መኪና ተሳፍሬ እመጣ ነበር። ያንቺ መልእክት አለመምጣቱን አየሁና፣ ቻርጅ ማድረግ ረስቶ ነው ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ። ዕድሜ ይስጥሽ!»

«እህቴ» አለች ቆይ አንዴ። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የደወልኩት። ቁጭ በይ።»

«ምነው፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

በዚያች ቅጽበት ከወዲያ በኩል አጭር የስልክ ድምፅ ተሰማ። ቆይ አንዴ ቀና ብላ አሮጌውን ላፕቶፕ አየች። አራት ሰዓት ነው። ጠዋት ያስተካከለችው ሲስተም አንድ ደቂቃ ሳያዛንፍ ሥራውን ሠርቷል።

«ቆይ አንዴ» አለች አስተማሪዋ፣ «መልእክት ገባልኝ።» ለአፍታ የሕፃናቱ ጫጫታ ብቻ ተሰማ። «ከናንተ ነው። አባትዎ ዛሬ ጠዋት አልተጫኑም ይላል።» ከዚያ ሳቅ አለች፣ ሰው ሲደነግጥ የሚስቃትን ሳቅ። «አየሽ፣ ይሠራል እኮ! ያ ስልኩ እስካሁን ቻርጅ አልተደረገም ማለት ነው፣ አይ አባቴ! ለማንኛውም ልሞክረው፣ አንቺ እዚያው ቆዪኝ፣ አትዝጊ።»

ቆይ አንዴ ወደ አክስቷ ዞረች። አክስቷ ክንዷን ጠበቅ አድርገው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ተናገሪ» አሏት።

«አትደውዪላቸው እህቴ» አለች። «ያ ስድስተኛው መልእክት ነው። አምስቱ እኔ ጋ ናቸው።»